የልጄን ትምህርት እንዴት እንደመዘንኩት

ልጄ በኢንተርኔት የጀመረችው ትምህርት ይርባ አይርባ እንድወስን የተተወው ለእኔ ነበር። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ከወሩ የሚበዛውን መንገድ ላይ ነው የሚያድረው። ነገሩን በስልክ ስነግረው ከጀርባው የሞተር ድምፅ እየተሰማ፣ «አንቺ ቅርብ ነሽ፣ እይው። የሚረባ ከሆነ ቀጣዩንም ትማር። ካልሆነ ግን እንዳለፈው እንዳንሆን» አለኝ።

እንዳለፈው ያለው ገብቶኛል። ልጄ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ውጤት ሳይመጣላት በቀረበት ዓመት እዚሁ ሸዋ ሮቢት አንድ ማሠልጠኛ ነበር። ሄጄ ያየሁት እኔ ነኝ። መጋረጃው ንጹሕ ነበር፤ ኮምፒውተሮቹ ጨርቅ ለብሰው ተደርድረዋል፤ የማሠልጠኛው ኃላፊ ከወንበሩ ተነሥቶ ነው ያናገረኝ። «ጥሩ ነው» ብዬ አስመዘገብኳት። በሦስተኛው ወር አንድ ቀን ስትሄድ በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሎ አገኘች። ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት ሙሉ ለጠየቃት ሁሉ «እረፍት ላይ ነን» ስትል ሰማኋት። ስለ እኔ ብላ ነው እንደዚያ የምትለው። በመጋረጃ ነው የተታለልኩት። ስለዚህ ለሁለተኛው ጊዜ ጠንቃቃ ልሆን ለራሴ ቃል ገባሁ፤ እንግዲህ የማወራው ጥንቃቄዬ ያመጣውን ነው።

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ንባብ ቀስ ብዬ አነባለሁ፣ ጽሕፈቴም ከዚያ አይሻልም። ቁጥር ግን አይከብደኝም፤ ሥራዬ ማሾ የሚባለው ጥራጥሬ ንግድ ነው። በዙሪያችን ካሉ የቆላ ቀበሌዎች ከገበሬ እየገዛሁ ለትልልቆቹ ነጋዴዎች አስረክባለሁ።

ልጄ የምትማረው ዳታ አናሊቲክስ ይባላል። ለጀማሪ የሚሰጥ ነው፤ አንድ ወር ይፈጃል፤ እሱን የጨረሰ ወደሚቀጥለው ያልፋል። መጀመሪያ ስሙን ስትነግረኝ ምን እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ቁጥር ሰብስቦ፣ አጥርቶ፣ ምን እንደሚል ማየት ነው፣ እማ።»

«ቁጥር ደግሞ ምን ይላል?»

«እንዲሁ ስታይው ምንም አይልም። በወጉ ስትደረድሪው ነው የሚናገረው።»

«እኔ ስደረድር ነው የኖርኩት። እስከ ዛሬ ያናገረኝ የለም።»

«አንቺ ለመስማት ጊዜ ሰጥተሽው ታውቂያለሽ?» አለችና ሳቀች። በዚያ ወር ብዙ ትስቅ ነበር።

ከዙሁር ሰላት በኋላ ያለው የቀን ሙቀት ሰው ስለማያስወጣ ትምህርቷን በዚያ ሰዓት ነበር የምትከታተለው። እኔ አጠገቧ ሰፌዴን ይዤ ማሾ እየለቀምኩ ቁጭ እላለሁ። ለመልቀም ሳይሆን ለመገምገም ነው። መምህሯ ወጣት ሴት ናት፤ አማርኛዋ ፈጣን ነው፤ እንግሊዝኛ ብዙ ትደባልቃለች። ፊቷ በልጄ ላፕቶፕ ጥግ በትንሽ ክብ ውስጥ ይታያል። እኔ ከሰንጠረዡ ይልቅ ክቡን ነበር የምመለከተው። ዓይኗ ይሸሻል ወይ? ስትሳሳት ታምናለች ወይስ ታልፈዋለች? በመሐል ገንዘብ ታነሣለች ወይ?

«እማ፣ ሰንጠረዡን እይ እንጂ ሴትዮዋን አትይ።»

«ሰው ሳይታይ ትምህርቱ በምን ይታወቃል?»

«በትምህርቱ ነዋ!»

በሆዴ ጥሩውንና መጥፎውን ስለያይ ከረምኩ። ጥሩው፣ ያልገባትን መልሳ መላልሳ መስማት መቻሏ ነው። ጥያቄ በተማሪዎቹ የስልክ ግሩፕ ስትጽፍም ቢዘገይ በማግስቱ መልስ ይመጣላታል። መምህሯ አንድ ቀን ስሌት ተሳስታ በሚቀጥለው ትምህርት መጀመሪያ ላይ «ባለፈው ያሳየኋችሁ ስሕተት ነበረበት» ስትል ሰምቻለሁ፤ ይሄንን ወደድኩላት። መጥፎው፣ ቤቱ የት እንደሆነ፣ በሩ የት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። መለማመጃው በውጭ አገር ብስክሌት ስለሚሸጥ ሱቅ ነው፤ ልጄ ብስክሌት ነድታ አታውቅም። ኔትወርክ ሲጠፋ ሁለት ሦስት ቀን ትቆያለች፤ የሚጠብቃት የለም። መጨረሻ ላይ የሚሰጣት ወረቀትም ወረቀት አይደለም፤ ስልክ ላይ የሚታይ ሥዕል ነው።

ከትምህርቶቹ አንዱን እስከ ዛሬ አልረሳውም። መምህሯ አንድ ሰንጠረዥ አሳየችና እንዲህ አለች፦ «ቁጥርን ከማመናችሁ በፊት ከየት እንደመጣ ጠይቁ። አንዱ ቁጥር ከሌሎቹ በጣም ርቆ ብታገኙት አትጣሉት፤ ዝም ብላችሁም አትቀበሉት። ወደ ሰጣችሁ ሰው ተመልሳችሁ ጠይቁ።» እኔ ከሰፌዴ ጠጠር እያወጣሁ፣ ልክ ናት ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

እዚህ ላይ አንድ የሥራዬን ነገር መናገር አለብኝ። ወደማላውቀው ቀበሌ ማሾ ልገዛ ስሄድ የማላውቀው ሚዛን ይገጥመኛል። ባለሚዛኑን ልክ ነው ወይ ብዬ አልጠይቀውም። ልክ አይደለም የሚል ባለሚዛን አይቼ አላውቅም። ከቤቴ አንድ ድንጋይ ይዤ እሄዳለሁ፤ ክብደቱን አውቀዋለሁ። በጨርቅ ጠቅልዬ፣ የራሴ ዕቃ አስመስዬ ሚዛኑ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ሦስት ጊዜ። ሦስቱንም ጊዜ የማውቀውን ክብደት ከነገረኝ እገዛለሁ። ካልነገረኝ ውሃ ጠይቄ ጠጥቼ፣ «ዛሬስ ይቅርብኝ» ብዬ እሄዳለሁ። ማንም አይቀየምም፤ ማንም አላወቀምና። በዚህ ሥራ ያቆየኝ ይሄ ነው። እኮራበታለሁ ብል ይቀላል፤ እኮራበት ነበር።

በአራተኛው ሳምንት ልጄ የመጨረሻ ሥራ ተሰጣት። ከምትኖሩበት አካባቢ ትንሽ መረጃ ሰብስቡ፣ አጥሩት፣ ምን እንደሚል አሳዩ ተባሉ። እሷ ውሃ መረጠች። ማሾ የምገዛበት አንድ የገጠር መንደር አለ፤ በጋ ላይ ውሃ ይቸግረዋል። አሥራ ሁለት ቤት ነው። ዘጠኙ ከደረቁ ወንዝ ወዲህ፣ ሦስቱ ከወንዙ ማዶ። ከእያንዳንዱ ቤት ስንት ሰው እንዳለ፣ በቀን ስንት ጀሪካን እንደሚቀዱ፣ ሄዶ ለመመለስ ምን ያህል እንደሚፈጅባቸው መጠየቅ ፈለገች።

«ላንቺ ይነግሩሻል እማ። እኔን ከመንግሥት የተላከች መስዬያቸው ይደብቁኛል» አለች። በማስመሪያ ያሰመረችውን ወረቀት ሰጠችኝ፣ እርሳስም ቀርጻ ሰጠችኝ። ሰው ሥራ ሲሰጠው የሚደሰተውን ያህል ተደሰትኩ። ልጄ ስትማር እኔ ጠቃሚ ሆኜ አላውቅም ነበር።

ሐሳቡ የመጣልኝ ወደ መንደሩ በሚወስደኝ ባጃጅ ላይ ነው። ይሄ ትምህርት ልክ ነው ወይ ብዬ መምህሯን ብጠይቃት ልክ ነው ትላለች። ልጄም ትወደዋለችና ልክ ነው ትላለች። እንግዲያ ክብደቱን የማውቀውን ነገር ለምን አላስቀምጥበትም? የማውቀውን ውሸት ልስጠው። ትምህርቱ እውነተኛ ከሆነ ውሸቱን ያገኘዋል። ካላገኘው ባዶ ነው። በጣም ብልህ የሆንኩ መሰለኝ።

ከወንዙ ወዲህ ያሉትን ዘጠኝ ቤቶች ጠይቄ እንደነገሩኝ ጻፍኩ። ከዚያ ተሻገርኩ። ማዶ ካሉት መጀመሪያ የገባሁት ማሾ ከምትሸጥልኝ አንዲት አሮጊት ቤት ነው። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ከልጇና ከልጅ ልጆቿ ጋር ነው የምትኖረው። ብዙ ዓመት ስለምንተዋወቅ አንቱ እያልኩ እጠራታለሁ፤ እዚህ ስጽፍ ግን እሷ እያልኩ ነው፣ ይቅር ትበለኝ።

«እትዬ፣ በቀን ስንት ጀሪካን ነው የምታስቀዱት?»

«አራት። አህያዋ ደኅና የሆነች ቀን አራት። ያነከሰች ቀን ሁለት።»

«ሄዶ ለመመለስስ?»

«እኔ ሰዓት የለኝ! ልጂቱ ከሱብሂ ሰላት በኋላ ወጥታ ፀሐይ ግድግዳውን አልፋ እዚህ ስትደርስ ትመለሳለች።» ጣቷን መደቡ ላይ አሳረፈች። ሄዶ መመለሱ ሦስት ሰዓት ግድም ይፈጃል ብዬ አሰላሁ። «ምነው ጠየቅሽኝ? ውሃ ልታመጪልን ነው?»

«ለልጄ ትምህርት ነው፣ እትዬ።»

«እንዲያ ከሆነ አሳምረሽ ጻፊላት። ከኛ ቤት የወጣ ነገር እንዳያዋርዳት።»

ሁለቱን ጎረቤቶቿንም ጠየቅኩ፤ ተቀራራቢ ነገር ነገሩኝ። ወደ መንገዱ ወጥቼ ባጃጅ እየጠበቅኩ፣ ቁርቁራ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጬ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ። በሦስቱም ቤቶች ፊት ለፊት አሥራ ሁለት ጀሪካን ብዬ ጻፍኩ። ለመመለሻውም ሩብ ሰዓት። ሦስት ጊዜ፣ እንደ ድንጋዩ።

በማግስቱ፣ እንደ ልማዳችን ከሰላት በኋላ፣ ቁጥሮቹን ወደ ላፕቶፑ ስትገለብጥ እኔ ሰፌዴን ይዤ ተቀመጥኩ። ገልብጣ ጨረሰች። ወረቀቱን መልሳ አየችው። ከዚያ ዘወር አለች።

«እማ፣ ማዶ ያሉት አሥራ ሁለት ጀሪካን ነው ያሉሽ?»

«አዎ።»

«ሦስቱም?»

«ሦስቱም።»

«ከወንዙ ወዲህ ያሉት አራት አምስት ይላሉ። እነዚያ እንዴት አሥራ ሁለት ሆነላቸው? ሩብ ሰዓትስ? ምንጭ አላቸው?»

ሰፌዴን ትቼ አየኋት። ልክ ሚዛኑ ሲወዛወዝ እንደማየው ነው፤ ይቆማል ወይስ ያልፋል ብዬ። እኔ ግን ያኔ የተፈተነው ምን እንደሆነ አላስተዋልኩም። የሆነ ነገር ከላፕቶፑ ውስጥ እንዲወጣ ነበር የምጠብቀው፤ ቀይ ምልክት፣ ድምፅ፣ መምህሯ ራሷ ከዚያ ከክቡ ውስጥ «ይሄ ውሸት ነው» እንድትል። ልጄ ጠየቀችኝ እንጂ ትምህርቱ የጠየቀኝ አልመሰለኝም።

«የነገሩኝን ነው የጻፍኩት» አልኳት።

ተመልሳ ሥራዋን ቀጠለች። ትንሽ ቆይታ እንደገና ዞረች።

«እማ፣ አትቆጪኝ። እርግጠኛ ነሽ? ይሄ ነገር ሁሉን ነው የሚቀይረው።»

«ወላሂ» አልኳት።

ይሄንን ቃል ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። በገበያ መሐል ስንት ሰው በዋዛ ሲምልበት ሰምቼ ፊቴን አዙሬያለሁ። እኔ የማልኩት ለልጄ ነው፤ ዓይኗን እያየሁ። እሷ ከዚያ በኋላ አልጠየቀችኝም። «እሺ እማ» አለችና ቁጥሮቹን እንዳሉ ተወቻቸው።

ሥራዋን ላከች። አብረዋት የሚማሩ ሁለት ተማሪዎች አይተው ጥሩ ነው ብለው ጻፉላት፤ መምህሯም አሳለፈቻት። ሰርተፍኬቱ ስልኳ ላይ ሲመጣ ሮጣ ወጥታ አሳየችኝ። ስሟ በትልቅ ፊደል ተጽፏል። እኔ ስሟን ትቼ ሌላ ነገር እያሰብኩ ነበር። ውሸቴ አልፏል፤ እንግዲያ ይሄ ትምህርት እንደዚያኛው ማሠልጠኛ ነው፤ መጋረጃው ብቻ ነው ያማረው።

ለባለቤቴ ደውዬ «አይረባም፣ ይቅር» አልኩት። በምን አወቅሽ ሲለኝ «እኔ አውቃለሁ» አልኩት። ልጄ በሩ አጠገብ ቆማ ሰምታኛለች።

«ምኑ ነው የማይረባው፣ እማ?»

«ቤትም በርም የሌለው ትምህርት ነው። ምን ታደርጊበታለሽ? ማን ይቀጥርሻል?»

«ምኑ ነው ያልረባው ነው የምልሽ። አንድ ነገር ንገሪኝ።»

ምን ልነግራት እችላለሁ? ሰፌዴን አንሥቼ ወደ ጓዳ ገባሁ። እሷ ግን እልከኛ ናት፤ ከማን እንደወሰደችው አላውቅም። በዚያ ሳምንት መንደሩ የውሃ ችግር ስለጠናበት ቦቴ በሳምንት ሁለት ጊዜ ውሃ ሊያመጣ ነው፣ የት እንደሚቆም የመንደሩ የውሃ ኮሚቴ ሊመክር ነው ተባለ። «ይርባ እንደሆነ እዚያ ታያለሽ» አለችኝና ለኮሚቴው ሰብሳቢ ስልክ ደወለች። ሰውየው ሽማግሌ ናቸው፤ «ነይ ልጄ፣ ሁሉንም ቤት የጠየቀ ሌላ ሰው የለንም» አሏት።

እዚህ ላይ መናገር ነበረብኝ። ስብሰባው እስኪደርስ ሁለት ቀን ነበረኝ። ሁለቱንም ቀን ሥራ ፈጥሬ ስወጣ ስገባ ዋልኩ። ቢያንስ አትሂጂ ልላት አሰብኩ፤ አትሂጂ ካልኳት ግን ለምን ትለኛለች።

አብሬያት ሄድኩ። ስብሰባው በመንደሩ የማሾ ማስቀመጫ መጋዘን ጥላ ሥር ነው፤ ወንዶቹ በአንድ በኩል፣ ሴቶቹ በሌላ በኩል ተቀምጠዋል። ልጄ ትልቅ ወረቀት ላይ በቀለም የሠራችውን ዘንግ ዘንግ የሚመስል ሥዕል አንጠለጠለች።  ከወንዙ ወዲህ ያሉ ቤቶች በአማካይ አምስት ጀሪካን አይሞሉም፤ ለመቅዳት ሁለት ሰዓት ያልፍባቸዋል። ማዶ ያሉት አሥራ ሁለት ይቀዳሉ፤ ሩብ ሰዓት ነው የሚፈጅባቸው። ስለዚህ ቦቴው ከወንዙ ወዲህ ቢቆም ይሻላል አለች።

አሮጊቷ ዱላዋን ተደግፋ ተነሣች።

«ቆይ፣ ቆይ። አሥራ ሁለት ጀሪካን የሚቀዳው ማነው? እኔ ነኝ? አሥራ ሁለት ጀሪካን ያለው ሰው እንዲህ አቧራ ለብሶ ስብሰባ ይመጣል?»

ሰው ሳቀ።

«ጓዳሽ ምንጭ ፈልቆልሽ ደብቀሽን ይሆናላ!» አለ ከወንዶቹ አንዱ።

«ምንጭ ቢፈልቅልኝ ላንተ ነው መጀመሪያ የማጠጣህ፣ ምላስህ እንዲርስ።» ሳቁ ጨመረ። እሷ ግን አልሳቀችም። «ይቺ ልጅ ቁጥሩን ከየት አመጣችው?»

«ከኮምፒውተር ነዋ። ኮምፒውተር የፈለገውን ይጽፋል» አለች ሌላ ሴት።

አሮጊቷ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። «አንቺ አይደለሽ እንዴ የጠየቅሽኝ? አራት ነው ያልኩሽ። አህያዋ ደኅና የሆነች ቀን አራት። ንገሪያቸው እንጂ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሻርፔን አስተካከልኩ። የተናገርኩትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ ባልረሳው ይሻለኛል ብዬ ሳይሆን መርሳት ስላቃተኝ።

«እኔማ እንደነገሩኝ ነው የጻፍኩት፣ እትዬ። ምናልባት ልጅቱ ስትገለብጠው...»

አልጨረስኩትም። መጨረስ አላስፈለገም።

ልጄ ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ ነበር። ውስጡ ያ በማስመሪያ የተሰመረው ወረቀት አለ፣ በእኔ ጽሕፈት፣ ሦስቱም አሥራ ሁለት። እጇ ወደ ቦርሳው ሄደ። አየሁት። ከዚያ እጇን መለሰችውና ጨብጣ ያዘችው።

«አዎ» አለች። «ስገለብጠው ተሳስቼ ይሆናል። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ሰብሳቢው «አይዞሽ ልጄ፣ ገና ተማሪ አይደለሽ» አሏት። ሰው በርኅራኄ አያት። ሥዕሉን ስታወርድ አንዱ ጥግ ተቀደደ። ጉዳዩን ለሌላ ቀን አሳደሩት።

ባጃጁ ውስጥ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋ ተቀመጠች። እቤት ስንደርስ ወረቀቱን ከቦርሳዋ አውጥታ ፊቴ አስቀመጠችው። ከአስር ሰላት በኋላ ነው፤ ፀሐዩ ገና በር ላይ ነበር።

«ለምን?» አለች። አልጮኸችም።

ነገርኳት። ድንጋዩን፣ ሚዛኑን፣ ሦስት ጊዜ ማስቀመጤን፣ ትምህርቱን ለመፈተን መሆኑን። ስነግራት በሆዴ የነበረው ብልሃት ከአፌ ሲወጣ ከንቱ ሆነ። ልጄ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ትምህርቱ ያዘሽ እኮ፣ እማ።»

«አልያዘኝም። አለፈ።»

«መምህሯ ሲርቅባችሁ ተመልሳችሁ ጠይቁ አለች። አጠገቤ ነበርሽ፣ ራስሽን ነቅንቀሻል። ተመልሼ ጠየቅኩሽ። ሁለት ጊዜ። ከዚያ በላይ ትምህርቱ ምን ያድርግ? ማልሽልኝ። ከዚያ በኋላ የቀረኝ ወይ ትምህርቱን ማመን ነው ወይ እናቴን ማመን ነው።» ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋችው። «ሥራዬ ላይ ምን ብዬ እንደጻፍኩ ታውቂያለሽ? መረጃውን የሰበሰበችው እናቴ ናት፣ ስለዚህ አስተማማኝ ነው።»

 ትምህርቱ ልክ ሆኖ ተገኝቷል፤ ውሸቴን አግኝቶ ፊት ለፊቴ አስቀምጦት ነበር። ልኩን ያልነገርኩት እኔ ነኝ።

«እነግራቸዋለሁ» አልኳት።

«እኔ አልነግራቸውም» አለች። «አንቺ ካልነገርሻቸው እኔ እንደተሳሳትኩ እቀራለሁ። ግድ የለም።»

ግድ የለም ያለችው አሳመመኝ። ስድስት ቀን ፈጀብኝ። ለሐሰት መሐላዬ ካሣ እንዲሆነኝ ሦስቱን ቀን ጾምኩ፤ በዚያ ሙቀት ጾሙ ቀሎኝ ነበር። ያልቀለለኝ ወደዚያ መንደር የሚሄደው ባጃጅ ላይ መውጣት ነው። አንድ ቀን ወጥቼ በመንገድ መሐል ወረድኩ። ሌላ ቀን ማሾ አልገባም የሚል ምክንያት ለራሴ ሰጠሁ። በነዚያ ቀናት ልጄ ላፕቶፑን አልከፈተችውም። ሰፌዴን ይዤ ቁጭ እላለሁ፤ አጠገቤ ማንም የለም።

በሰባተኛው ቀን ኮሚቴው እንደገና ሲሰበሰብ ሄድኩ። ልጄን ነይ አላልኳትም፤ ራሷ መጣች፤ ከኋላ ተቀመጠች። ተነሥቼ ቆምኩ። ሴት በዚያ ስብሰባ ተነሥታ የምትናገረው ሲቸግራት ነው፤ ሰው የቸገረኝ መስሎት ዝም አለልኝ።

«ልጄ አልተሳሳተችም» አልኩ። «ቁጥሩን የለወጥኩት እኔ ነኝ። እትዬ አራት ነው ያሉኝ። አሥራ ሁለት ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ልጄ ተጠራጥራ ጠይቃኛለች፤ ዋሸኋት። ባለፈው እዚህ ፊታችሁም ዋሸሁ።»

«ለምን ሲባል?» አሉ ሰብሳቢው።

ድንጋዩን ተናገርኩ። ማሾ ሲሸጡልኝ ሚዛናቸውን በድንጋይ ስፈትን የኖርኩትንም አብሬ ተናገርኩ፤ ምሥጢሬን ነው፤ ያለዚያ ነገሩ አይገባቸውም ነበር። ከወንዶቹ መሐል አንዱ ባለሚዛን «ለካ ያ ጨርቅ!» ብሎ ጭኑን መታ።

አሮጊቷ ወደ እኔ ዞረች።

«እንግዲህ በድንጋይ ፈንታ ሚዛን ላይ ያስቀመጥሽው እኔን ነዋ።»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ውሃ የሚጠማውን ድንጋይ።»

«አዎ፣ እትዬ። ይቅር ይበሉኝ፣ አውፍ ይበሉኝ።»

«ያን ቀን እኔ ባልነሣ ኖሮ ያ ቦቴ አሁን የት ነበር የሚቆም?» አለችኝ። ሰው በዚህ ጊዜ አልሳቀም። «አውፍ ብያለሁ። ማሾዬን ግን ዘንድሮ ለሌላ ነው የምሸጥ።» እንዳለችውም አደረገች።

ልጄ ከኋላ ተነሣች። ቁጥሩን እንደ አዲስ ራሷ እንደምትሰበስብ ተናገረች። ሁለት ቀን ለአሮጊቷ ውሃ ከምትቀዳው ልጅ ጋር በእግሯ ወደ ውሃው ሄዳ ተመለሰች፤ በስልኳ ሰዓት ያዘች፤ እግሯ ተላልጦ መጣች። እኔ የገመትኩት ሦስት ሰዓት እንኳ ልክ አልነበረም፤ ይበልጥ ነበር። ሥዕሉን እንደገና ሠራችው። ቦቴው ከወንዙ ማዶ ቆመ። ለመምህሯም ጻፈችላት፤ ሥራዋ ላይ የተሳሳተ መረጃ እንደነበር፣ እንዳረመችው። ምክንያቱን ግን አልጻፈችም። መምህሯ በማግስቱ መለሰችላት፤ ስላረመች አመሰገነቻት።

ለባለቤቴ ደውዬ ሁሉንም ነገርኩት። የመኪናውን ሞተር አጥፍቶ ነው የሰማኝ። «ትምህርቱስ?» አለኝ መጨረሻ ላይ። «ይረባል» አልኩት። «ሁለተኛውንም ትማር።»

አሁን ሁለተኛውን ጀምራለች። ከሰላት በኋላ አጠገቧ እቀመጣለሁ፤ አትከለክለኝም። ቀስ በቀስ መሳቅም ጀምራለች፤ እንደዚያ ወር ግን አይደለም። የአሁኑ ሥራዋ ስለ ወባ ነው። ባለፈው ሳምንት ወደ ገጠር ስሄድ የምታውቂያቸውን አምስት ቤቶች ጠይቂልኝ፣ ስልካቸውንም ያዢልኝ አለችኝ፤ ደስታዬን ደበቅኩት። ጠይቄ፣ የነገሩኝን አንድ በአንድ ጽፌ አመጣሁ። ወረቀቱን ተቀብላ አመሰገነችኝ። ከዚያ ስልኳን አንሥታ ወደ ጓሮ ወጣች። በመጋረጃው በኩል ድምጿ ይሰማኛል። «እንደምን ዋሉ እትዬ፣ ያች ማሾ የምትገዛዋ ሴት ልጅ ነኝ። እናቴ ትናንት ጠይቃዎት ነበር። ምን ብለው ነበር የነገሯት?» አምስቱንም ቤት ደወለች። እስክትጨርስ ድረስ አንዲት ፍሬ ማሾ ሳልለቅም ተቀመጥኩ።